ምስጋና የማይገባበት ቤት

ወደ ኢታ ሪን ቤት የሚያስወጣውን ቀጭን መንገድ ሳይቃጠል የሚወጣው ሰው የለም። የፈላ ውሃ የተደፋበት፣ ምድጃ ላይ የወደቀ፣ የትራክተር ሞተር እጁን የላጠው ሁሉ ከሐይቁ በላይ ወዳለችው ነጭ ቤት እያቃሰተ ይወጣል፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ሲድን ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ማን አይቶት! ደህና ሰው ከኢታ ቤት ምን ጉዳይ አለው? የሊትሪም አውራጃ ሰው ውለታ ቢስ ሆኖ አይደለም። ደንቡ ነው።

ደንቡን በድረምኪል ደብር ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። መድኃኒት ያለው ሰው «ና ልስጥህ» አይልም፤ ሕመምተኛው ራሱ ወይም የሥጋ ዘመዱ መጥቶ መጠየቅ አለበት። የጠየቀ ደግሞ አይከለከልም። ቅጠሉ የሚለቀመው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ለቃሚው ከደጁ ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ ለማንም ቃል አይተነፍስም። መድኃኒቱ ከወንድ ለሴት፣ ከሴት ለወንድ ይወረሳል፤ ለማን እንደሚያወርስ የሚመርጠው ባለመድኃኒቱ ነው፣ ከነገራት ደቂቃ ጀምሮ ግን እሱ ባዶ እጁን ይቀራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አይመሰገንበትም። «አመሰግናለሁ» የተባለ እንደሆነ መድኃኒቱ ይሞታል ይላሉ።

ስለዚህ ኢታ በሠላሳ አራት ዓመት ዕድሜዋ፣ የስንቱን ሰው ቆዳ መልሳ፣ አንድም ቀን ተመስግና አታውቅም። የዳነው ሰው ቆቡን ያደርጋል፣ ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ይላል፣ ይሄዳል። እሷም በሩን ዘግታ ትመለሳለች። በበሩ ጀርባ የአባቷ ካፖርት ይሰቀልበት የነበረ ሚስማር አለ። ካፖርቱን አባቷ ከተቀበሩ በኋላ ለድሃ ሰጠችው፤ ሚስማሩን መንቀል ግን አልሆነላትም።

«ሰማሽ?» አለ ዲኒ ፖስተኛው፣ በግንቦት መባቻ አንድ ጠዋት። ዲኒ ደብዳቤ ከማድረስ ይልቅ ወሬ ማድረስ ይቀናዋል።

«ምኑን?»

«የባለፋርማሲዋ ልጅ መጥቷል። ፊንታን ብሬዲ። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ተጠቅልሎ።»

ኢታ የዶሮዎቹን ጥሬ እንደያዘች ቀረች። «ምን ሆኖ?»

«ተቃጥሎ ነዋ! ደብሊን በሚሠራበት ቤተ ሙከራ ምን ሲቀቅል እንደነበር እንጃለት። ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ አልጠግግ ብሏል አሉ። ሐኪሞቹ ከጭኑ ቆዳ ቆርጠን እንለጥፍ እያሉት ነው። ያን ቢያደርጉለትም ጣቶቹ እንደ ድሮው አይታዘዙም አሉ። እንዲያው አንቺዬ፣ ወረድ ብለሽ ምናለ ብት—»

«ዲኒ!»

«ይቅርታ፣ አፌ ነው።» ዲኒ አንገቱን ዳሰሰ። በልጅነቱ የተቃጠለ አንገቱን ያዳኑለት የኢታ አባት ነበሩ፤ ደንቡን ከማንም በላይ ያውቃል። «እሱስ መች ሞኝ ነው? ይመጣና ይጠይቅሻል።»

«አይመጣም» አለች ኢታ።

ለምን እንደማይመጣ ከሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከስምንት ዓመት በፊት ፊንታን ከዩኒቨርሲቲ የመጣ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበር፤ እሷ ሃያ ስድስት ነበረች። በታላቅነቷ ሲቀልድባት «አክስቴ» ይላት ነበር። በዚያ በጋ አብረው ያልወጡት ኮረብታ፣ ያላገላበጡት ቅጠል የለም። እሱ በላቲን ስሙን ይነግራታል፣ እሷ የቱ ለሳል የቱ ለቁርጠት እንደሚሆን ትነግረዋለች። የቃጠሎውን መድኃኒት ግን አንድም ቀን አልጠየቃት። አንዷ ቅጠል ጎርጠብ መሆኗን አገር ያውቃል፤ የቀሩት ሁለቱ የአባቷ ምስጢር ነበሩ። እናቱ ወይዘሮ ብሬዲ ከመስታወት ባንኮኒያቸው ጀርባ ሆነው፣ ልጃቸው ቦት ጫማውን ጭቃ አስመትቶ ከቅጠል ቀቃይ ልጅ ጋር ሲመለስ ያዩ ነበር። ምንም አይሉም፤ ከንፈራቸውን ብቻ ይመጣሉ።

በመከር ወራት ወይዘሮ ብሬዲ እግራቸው ላይ የፈላ ውሃ ተደፋ። ፊንታን መጥቶ የኢታን አባት ጠየቀ፣ ተሰጠው፣ እናቱም ዳኑ። በሳምንቱ ዲኒ አንዲት ካርድ አመጣ፤ ጠርዟ በወርቅ ቀለም የተቀባ፣ የከተማ ሰው ካርድ። «ስለ መልካም ሥራዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ፊንታን ብሬዲ» ይላል በታይፕ።

አባቷ ካርዱን እንደያዙ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «ሊፈትነኝ ነው» አሉ። «ተመስግኖም ይሠራ እንደሆነ ሊያይ ነው፤ የተማረ ሰው መፈተን ይወዳል።» በዚያው ሰሞን መድኃኒት የተሰጣት የጎረቤት ሴት እጅ ሳይድን ተጨማዶ ቀረ። ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ ቅቤና ቅጠል አልነኩም። «በኔ ላይ ተበላሽቷል» ብለው ምስጢሩን ለኢታ በጆሮዋ ነገሯት፤ የገና ሰሞን ሞቱ። ኢታም ለፊንታን አንድ መስመር ጻፈችለት፦ «ከእንግዲህ አንድም ነገር እንዳትጠይቀኝ።» እሱ ሰባት ደብዳቤ ላከ። ሰባቱንም ሳትከፍት የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተቻቸው።

አሁን እሱ እንዳይጠይቅ ተከልክሏል፤ እሷ እንዳትሰጥ ደንቡ አስሯታል። የራሷን እጅ በራሷ ገመድ እንዳሰረች ገባት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አየችው። እሱ ከእናቱ ጋር ፊት ለፊት፣ እሷ እንደ ልማዷ ከኋላ ከምሰሶው ሥር። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ በበሩ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ጠጉሩ ከጆሮው ግንድ በላይ መሸበት ጀምሯል። የሷ ዓይን ወደ ተጠቀለለው እጁ ወረደ። እሱም አየና እጁን ከጀርባው ደበቀ።

ኢታ እስከ ቤቷ ድረስ አለቀሰች። «ተጸየፈኝ» አለች፤ «እጄ እንዲነካው እንኳ አልፈለገም።» በዚያ ቀን ለአንድ ሰው የሚበዛ ዳቦ ጋገረች፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ መንገዱን ስታይ ዋለች፤ አመሻሹ ላይ ዳቦውን ለዶሮዎቹ ቆራረሰችላቸው።

ረቡዕ ዕለት በዝናብ አንድ ሰው ሽቅብ ሲወጣ አየች። ፊንታን መስሏት ወደ በሩ ሮጠች። የመጡት ግን ወይዘሮ ብሬዲ ነበሩ፤ የከተማ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ውጦታል።

«ይግቡ አትይኝም?»

«ይግቡ።»

ወይዘሮዋ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጡ፤ ጓንታቸውን ሳያወልቁ ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ ከረግረጉ የተቆረጠውን ማገዶ ሲያዩ ቆዩ። «የናቴ ቤት ቁርጥ እንዲህ ነበር» አሉ።

«እርስዎ የስላይጎ ከተማ ልጅ ነዎት ሲሉ ነበር የምሰማው።»

«ያስባልኩት እኔ ነኛ!» ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፣ ኢታ። ለልጄ እጅ።»

«ራሱ ለምን አልመጣም?»

«እንዳትጠይቀኝ ብለሽ ጽፈሽለት የለ! ያቺን ወረቀት ስምንት ዓመት ሙሉ ከኪሱ አላወጣትም። እሑድም እጁን ሲደብቅሽ አየሁት፤ ‹አይታ እንዳትጨነቅ፣ ደንቡ እንደሆነ አያሰጣትም› ይለኛል።»

ኢታ ምድጃውን ትቆሰቁስ ጀመር፤ ፊቷን የምታሳርፍበት ጠፍቷት ነው። «ካርድ ከመላኩ በፊት ነበር እንደዚህ ማሰብ።»

ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። ወይዘሮ ብሬዲ ጓንታቸውን አንድ በአንድ አወለቁ።

«ካርዱን የላክሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«ደንቡን አያውቁም ነበራ» አለች ኢታ ቀስ ብላ። እንዲህ ብላ የማምለጫ በር ከፈተችላቸው፤ ማለፍ ከፈለጉ ማለፊያ ነበር።

ሴትዮዋ ግን አላለፉም። «በእንደዚህ ያለ ቤት ተወልጄ ደንቡን ላላውቀው? አውቄ ነው ያደረግሁት። የሱን ስም የጻፍሁትም ከዚህ ደጅ እንዲባረር ብዬ ነው። እኔ ከዚህ ጭቃ ለመውጣት ያየሁትን ስለማውቅ፣ ልጄ ሊመለስበት ነው ብዬ ፈራሁ። አባትሽ ላይ ያ ሁሉ ይደርሳል አላልኩም። ፊንታን እስከ ዛሬም ስለ ካርዱ አያውቅም። ከፈለግሽ አባሪኝ፤ ግን ጠይቄሻለሁ።»

ኢታ ወንበሪቱን አየች። አባቷ ካርዱን ይዘው የተቀመጡት ሴትዮዋ በተቀመጡባት ወንበር ላይ ነበር።

«ከዚህ ቤት ጠይቆ የተከለከለ የለም» አለች በመጨረሻ። «ነገ ጠዋት ይምጣ። እርስዎን ይቅር በይ የሚል ደንብ ግን አባቴ አልነገሩኝም። እሱን ገና አስብበታለሁ። ስለ ካርዱ ለልጅዎም ዛሬውኑ ይንገሩት።»

ወይዘሮ ብሬዲ ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ የዕድሜ ልክ ትሕትናቸው አመለጣቸውና «አመ—» ብለው ጀመሩ፤ ወዲያው በጓንታቸው አፋቸውን ጥርቅም አድርገው ያዙ። ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ። ሴትዮዋ አፋቸውን እንደያዙ በዝናቡ ቁልቁል ወረዱ፤ ኢታም ሳትወድ በግድ አዘነችላቸው።

ያን ዕለት የሻይ ቆርቆሮውን አወረደች። የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ልመና ነበሩ፦ «ምን እንዳጠፋሁ ንገሪኝና ልክ ነሽ ልበልሽ። ሳላውቀው መቀጣቱ ነው የከበደኝ።» የመጨረሻው አጭር ነበር።

«ኢታ፣ ወደ አንቺ የሚመጣው ሁሉ ታሞ ነው የሚመጣው፤ ሲድን ይተውሻል። እኔ ደህና ሆኜ ልመጣ ነበር የፈለግሁት። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።»

እዚያች ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ሰው በሌለበት ቤት እየጮኸች አለቀሰች። ይህን ሁሉ ዓመት ይቺ ቃል ከራሷ በላይ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሽርጧን ታጥቃ ወጣች። ጎርጠቧን ከመንገዱ ዳር፣ ሁለተኛዋን ከድንጋዩ አጥር ሥር፣ ሦስተኛዋን ከምታውቃት ስፍራ ለቀመች። ስትመለስ አጥሩ በር ላይ ፊንታን ቆሟል። ከተማው ገና አልነቃም፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር እንዳላየ ፊቱ ይናገራል። «ኢ—» ሊል አፉን ከፈተ፤ ቅጠል የቋጠረውን ሽርጧን አየና ዝም አለ።

እሷም ዝም። የምትነግረው የስምንት ዓመት ነገር ነበራት፣ ደንቡ ግን አፏን ዘግቶታል። እሱ በግራ እጁ በሩን ከፈተላት። ጎን ለጎን፣ በአንድ እርምጃ ተራርቀው፣ የእሾህ ቁጥቋጦው ነጭ አበባ በወረዛበት አጥር ሥር ሄዱ። አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችው፤ እያያት ነበር። ሰው በሕይወቱ ብዙ ይናገራል፤ ኢታ ግን ያን ጠዋት ያህል ከማንም ጋር የተነጋገረች አልመሰላትም።

ደጇ ላይ ስትደርስ ተነፈሰች። «ግባ።»

ቅጠሉን ጨው ባልነካው ቅቤ ስታበስል እሱ ከጀርባዋ ተቀምጦ ይናገር ጀመር። «እናቴ ነገረችኝ። ምን እንደምልሽ አላውቅም።»

«ምንም አትበል። እጅህን አምጣ።»

ጥቅልሉን ስትፈታ ቁስሉ ጥሬ ሥጋ ነበር። ቀስ ብላ ቀባችው። «እንዴት ነው እንዲህ የሆንከው?»

ፊንታን አቀረቀረ። «እንዳትስቂ። ይህንኑ ቅባት ልሠራ ስል ነው።»

«ምን?»

«ጎርጠብ ውስጡ እንዳለ አውቃለሁ፤ የቀሩትን በግምት... ቅቤው ነደደና ተገነፈለብኝ።»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!» አለች ኢታ ሳታስበው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አቆመና ኩስትር አለች። «ታዲያ ምስጢሬን ፈልገህ ነው።»

«የቀረው ዓለም ስንት ጊዜ ፈልጎታል፤ አለቆቼም ይፈልጉታል። እኔ ግን» አለ ፊንታን፣ ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ፣ «ሽታውን ፈልጌ ነው። የዚህን ቤት ሽታ። የደብሊን ክፍሌ ምንም አይሸትም፣ ኢታ።»

ኢታ ቁስሉን መልሳ ትጠቀልል ጀመር። ጥቅልሉን ጨርሳ «ሰኞ ተመለስ» ከማለት ሌላ አልቻለችም።

ሰኞ መጣ፤ ቁስሉ ከዳር መድረቅ ጀምሯል። በሁለተኛው ሐሙስ ሲመጣ እንደ ሕፃን ከንፈር ያለ ቀይ ስስ ቆዳ ለብሷል። የከተማው ሐኪም የደብሊኑ ቅባት ነው የሠራው ብሏል፤ ደብሩ ግን የራሱን ያውቃል። ኢታ ሦስተኛውን ቀብታ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈች ዘረጋቻቸው። ሁሉም ይታዘዛሉ።

ፊንታን ተነሣ። የሆነ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት አየችው፤ ዋጠው። ቆቡን አደረገ። «ዝናቡ አባርቷል» አለ።

«አባርቷል» አለች።

ሄደ። እንደ ሁሉም ሰው ቁልቁል ሄደ። ኢታ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችው። ሚስማሩ በትከሻዋና በአንገቷ መሀል ወጋት፤ ፈቀቅ አላለችም። ድኗልና አይመለስም። አድና ማጣት ሙያዋ ነው፤ የዛሬው ግን ከአጥንቷ ገባ።

በማግስቱ ዲኒ ወሬውን አመጣ። «ቅዳሜ ከሰዓት በአውቶቡስ ይመለሳል። እናቱ ሻንጣውን አዘጋጅተውለታል።» የኢታን ፊት አየና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሌላ ወሬ ሳይጨምር ሄደ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ መንገዱ ላይ ሰው ታየ። ፈጣን እርምጃ ነው፤ አያነክስም፣ አያቃስትም፣ እጁን አልደገፈም። ፊንታን ነበር፣ ካፖርቱን ለብሶ። ሻንጣ አልያዘም፤ ሻንጣው አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ይሁን እናቱ ቤት ልታውቅ አልቻለችም።

«ምን ሆንክ?» አለችው ከልማዷ የተነሣ። ሰው ሲመጣ የምትለው ይህን ብቻ ነው።

«ምንም አልሆንኩም። ደህና ነኝ» አለ። «ደህና ሆኜ ነው የመጣሁት።»

ኢታ የበሩን መቃን ያዘች። ደህና ሰው እንዴት እንደሚስተናገድ አታውቅም። እሱም ወደ ውስጥ አልገባም።

«አንድ ነገር ልልሽ እፈልጋለሁ» አለ። «ግን አይቻልም። ባልኩት ሰዓት መድኃኒትሽን እገድለዋለሁ። አባትሽ በዚያች ቃል ሞተዋል። ስለዚህ ሳልል እንደምሄድ ልነግርሽ ብቻ ነው የወጣሁት። ጉሮሮዬ ላይ ይዤው እኖራለሁ።»

ኢታ መንገዱን አየች። ስምንት ዓመት መድኃኒቱን ጠብቃለች፤ እሷን የጠበቃት አልነበረም። የቅጠሎቹን ምስጢር ብትነግረው ምን እንደሚቀራት አሰበች። ምስጢሩን ይዞ አውቶቡስ ላይ ቢወጣ ያቺ መንገድ ሣር ይበቅልባታል፤ የተቃጠለ ሰው እንኳ አይመጣባትም። ፈራች። ከዚህ የበለጠ ብቸኝነት እንዳለ እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር።

«ግባና ተቀመጥ» አለችው።

«ለምን?»

«ተቀመጥ ካልኩህ ተቀመጥ።»

ከኋላው ቆማ ወደ ጆሮው ጎንበስ ስትል ገባው፤ ሊነሣ ፈለገ። «ኢታ፣ ተይ! ንገሪኝ አላልኩሽም!»

«ስላላልከኝ ነው» አለች።

ሁለተኛዋን ቅጠል ነገረችው፣ ሦስተኛዋን ነገረችው፣ የት እንደምትገኝና እንዴት እንደምትቀነጠስ፣ አባቷ በነገሯት ቃል በሹክሹክታ ነገረችው። ሲያልቅ ቀና አለች። መሬት አልተከፈተም። ወጥ ቤቷ ያው ወጥ ቤት ነው፤ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ማገዶው ይጤሳል። እሷ ብቻ ቀለለች። ከእንግዲህ ቅጠል አታውቅም፤ ተራ ሴት ናት። እጆቿ ምን እንደሚሠሩ ጠፍቷት ሽርጧ ላይ ጠረገቻቸው።

«አውቶቡሱ እንዳያመልጥህ» አለች።

ፊንታን ተነሥቶ ዞረ። ፊቱ በእንባ ርሷል። «አሁን ያንቺ አይደለም፣ አይደል?»

«አይደለም። ያንተ ነው።»

«እንግዲያው እችላለሁ።» በዳነው እጁ እጇን ያዘ። «አመሰግናለሁ፣ ኢታ። ስለ እጄ፣ ስለ ዲኒ አንገት፣ ወጥተው ወርደው ዝም ብለውሽ ስለሄዱት ሁሉ። አመሰግናለሁ።»

ቃሉ በዚያ ቤት ጣራ ሥር ከሰው አፍ ወጥቶ አያውቅም። ኢታ የምትሸሽበት እንዳለ ወደ ጥግ አየች፤ ከዚያ የአባቷ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ እየወረደ ወደሱ ቀና አለች።

«ሰው ሲመሰገን ምን ብሎ ነው የሚመልሰው?» አለችው። «እኔ እኮ አላውቅም።»

ከታች ከመንገዱ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ጊዜ። እሱ ወደ በሩ ሄደ። ኢታ ዓይኗን ጨፈነች። የሰማችው ግን የበሩን መከፈት ሳይሆን የጨርቅ ኮሽታ ነበር፤ ስትገልጥ ካፖርቱን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሲሰቅል አየችው።

ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ የጣደው እሱ ነው። ኢታ እስኪመሽ ድረስ ዓይኗን ከካፖርቱ ላይ አላነሣችም።